ርቀት ነው ወይስ አለመታወቅ? ስለ ሥራ ምልልስ የተከፈተው ክርና 34 ምላሾቹ

ከቤት ወደ ሥራ በየቀኑ ስለ መመላለስ የሚያወራውን ይህን የኢንተርኔት ውይይት (ክር) የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የተባለውን በቅደም ተከተል አስፍሮ የማስቀመጥ ኃላፊነት ይሰማኛል። እስከ ትናንት ማታ ድረስ 34 ምላሾች ተሰጥተዋል። አንዳንዶቹ በጥንቃቄ የተጻፉና ብዙ ያስተማሩኝ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በቁጣ የተጻፉ ናቸው። ዘግይቶ የሚገባ አንባቢ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚከብደው በራሴ አገላለጽ እንዲህ አቅርቤዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ ከአንድ ሒሳብ የተነሣ ነበር። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። በቀን አራት ጊዜ ታክሲ እሳፈራለሁ፤ ጠዋት ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ማታም እንደዚያው። ጠዋት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ማታ 2 ሰዓት ይፈጅብኛል። ወሩ 22 የሥራ ቀን አለው ብለን ብናስብ 82 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ አሳልፋለሁ ማለት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ከ10 የሥራ ቀን ይበልጣል። ደመወዜን በቢሮ ለምቆይበት 176 ሰዓት ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ሰዓት ካካፈልኩት የሰዓት ክፍያዬ በሲሶ ገደማ ይወርዳል። ከዚህ ተነሥቼ ርቀት ራሱን የቻለ የተደበቀ የደመወዝ ቅናሽ መሆኑን፣ ሥራ የሌለው ወጣት ደግሞ ገና ደመወዝ ሳያገኝ ይህን ቅናሽ አስቀድሞ እንደሚከፍል ተከራከርኩ። ማስረጃ ያደረግኩት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን በአዲስ አበባ ያካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመውን ጥናት ነበር። ከመሃል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በዕጣ የትራንስፖርት ገንዘብ ሲሰጥ ገንዘቡን ያገኙት ሥራ ፍለጋውን አጠናክረው ቀጥለዋል፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ካላገኙት በልጧል። ከዚያም ለተሳታፊዎች ጥያቄ አቀረብኩ፦ ወጣቱን ከሥራው የሚለየው በዋናነት ርቀት ነው ማለት ይቻላል ወይ?

1ኛውን ምላሽ የሰጠችው ዛሬ በአንድ የሒሳብ ምርመራ ድርጅት የምትሠራ እህት ናት። አመስግናኝ የራሷን ታሪክ አስከተለች። በ2007 ዓ.ም. ተመርቃ ከእናቷ ጋር ካራ ስትኖር፣ የሥራ ማስታወቂያ ለማየት በሳምንት ሦስት ቀን አራት ኪሎ ትወርድ ነበር። እዚያ ሰዉ በትንሽ ገንዘብ ጋዜጣ ተከራይቶ አጥሩ ጥግ ቆሞ ያነባል፤ ጋዜጣው ሌላ ሰው ስለሚጠብቀው ስልክ ቁጥሩንና የማመልከቻውን ቀን በመዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍ ነበር። በሁለተኛው ወር የእናቷን የታክሲ ገንዘብ መጠየቅ ስላሳፈራት ወደ ሳምንት አንድ ቀን ቀነሰች። በአራተኛው ወር ጭራሽ ቀረችና ሰፈሯ በሚገኝ ሱቅ በቀን ክፍያ ገባች። ፍለጋዋን ያቆመችው ሥራ እንደሌለ ተረድታ ሳይሆን የመሄጃ ገንዘብ ስላለቀባት መሆኑን ስትጽፍ፣ ሳታውቀው የጥናቱን ዋና ግኝት በራሷ ሕይወት አስረዳችልን። ፍራንክሊንም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እጅ ላይ ያለ ገንዘብ ማነስ ወጣቶች ጥሩ ሥራ መፈለጋቸውን ያለጊዜው እንዲተዉ ያደርጋቸዋል፤ ገንዘቡን ያገኙት ደግሞ ጊዜያዊ ሥራውን ለጊዜው ገታ አድርገው ይፈልጋሉ።

2ኛው ምላሽ ከአንድ የትራንስፖርት መሐንዲስ የመጣ እርማት ነበር። በመንገድ ላይ የሚያልፍ ሰዓት ከሥራ ሰዓት እኩል ዋጋ ሊሰጠው እንደማይገባ፣ የመንገድ ፕሮጀክቶች ሲገመገሙ የምልልስ ሰዓት በተለምዶ የሰዓት ደመወዝ ግማሽ ገደማ ተደርጎ እንደሚታሰብ በትሕትና አስረዳ። እርማቱን ተቀብዬ በ3ኛው ምላሽ ሒሳቤን ዝቅ አደረግኩ። ሆኖም አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ በታክሲ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ አንድ ሰዓትና መገናኛ ላይ ቆሞ የሚያልፍ አንድ ሰዓት እኩል አይደሉም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰልፉ ሁለት ጊዜ ተጠማዝዞ የመጀመሪያው ሰውና የመጨረሻው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም በሩን ይዘው አብረው የሚሮጡ ጎረምሶች አሉ፤ ተራ አስከባሪው ይጮሃል፤ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ የቆመች ሴት አንድ እርምጃ ወደፊት ለመሄድ አሥር ደቂቃ ትጠብቃለች። ዝናብ ከጣለ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበት ያለው ይሳፈራል።

የክሩን አቅጣጫ የለወጠው 4ኛው ምላሽ ነው። የጻፈው የኢኮኖሚክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሲሆን፣ ከፍራንክሊን ጥናት በኋላ የመጣውን ትልቁን ጥናት ሳላነሣ ማለፌን ወቀሰኝ። ግርም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ማርሴል ፋፍሻም፣ ፓኦሎ ፋልኮ፣ ሳይመን ፍራንክሊንና ሳይመን ኩዊን በጋራ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ይህ ጥናት ሁለት ድጋፎችን ጎን ለጎን ያወዳድራል። አንደኛው የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ወጣቶቹ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍንና የቃለ መጠይቅ አቀራረብን የሚማሩበት፣ ተፈትነውም ችሎታቸውን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ሥልጠና ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱም መደበኛ ሥራ የማግኘትን ዕድል ከፍ አደረጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲጠይቁ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ ሥልጠናውን የወሰዱት ገቢያቸው ከፍ ብሎ፣ በሥራቸውም ረክተውና ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው ተገኙ። ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ የአዲስ አበባ ወጣት ችግር ከርቀት ይልቅ አለመታወቅ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሄደ፤ አሠሪው ማንነቱን የማያውቀው ሰው መገናኛ ቢኖርም ጣፎ ቢኖርም ለውጥ የለውም ማለቱ ነው።

በ5ኛው ምላሽ መከራከሪያዬ በግማሽ እንደፈረሰ አምኛለሁ። ግን ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ የማምንበትን እዚህ ላይ ልግለጽ። የትራንስፖርት ገንዘብ ሥራ ፈላጊውን አንድ ጊዜ ወደ መሃል ያደርሰዋል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ርቀቱ ያው ነው። ምስክር ወረቀት ግን የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። ይህ ማለት ርቀት ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም፤ ርቀት ብቻውን ሳይሆን ከባዶ ኪስና ከአለመታወቅ ጋር ሲደመር ነው ሰውን የሚዘጋው። በዘመድ የሚታወቅ ልጅ ከየካ አባዶም ሆኖ ስልክ ይደወልለታል። የማይታወቀው ግን ለመታወቅ ሲል ደጋግሞ መሄድ አለበት፤ ደጋግሞ መሄድ ደግሞ በየቀኑ የታክሲ ገንዘብ ማውጣት ነው።

6ኛውን ምላሽ የሰጡት በአንድ መካከለኛ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ረጅም ዓመት የሠሩ አባት ናቸው። ለአንድ የመጋዘን ጸሐፊ ቦታ በመቶዎች የሚቆጠር ማመልከቻ እንደሚደርሳቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዲግሪና ተቀራራቢ ውጤት ስላላቸው ለመለየት እንደሚቸገሩ፣ በመጨረሻም የሚያውቁት ሠራተኛ የጠቆመውን እንደሚጠሩ በግልጽ ጻፉ። ያልተጠበቀው ግን የቀጠለው ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የመኖሪያ ሰፈር ይጠይቃሉ፤ ከሩቅ ኮንዶሚኒየም የሚመጣ ሠራተኛ ስለሚያረፍድና ቶሎ ስለሚለቅ፣ ሁለት ተመሳሳይ አመልካቾች ሲቀርቡ ቅርብ ያለውን ይመርጣሉ።

ትሕትናው ያለቀው እዚህ ላይ ነው። 7ኛውና 8ኛው ምላሽ እኚህን አባት በጠንካራ ቃላት ነቀፉ፤ መንግሥት በዕጣ ሩቅ ቦታ የሰጠውን ሰው አሠሪ ደግሞ በሰፈሩ ሊቀጣው አይገባም የሚል ነበር ክርክራቸው። 9ኛው ከዚያም አልፎ ስድብ ስለነበረበት አስተባባሪው ሰርዞታል። እርሳቸው በ10ኛው ምላሽ ሳይቆጡ መለሱ፤ የሚሠሩትን በግልጽ መናገራቸው ያንኑ እየሠሩ ከሚደብቁት የተሻለ መሆኑን፣ ድርጅታቸው ሰርቪስ መኪና ቢኖረው ጥያቄውን እንደማይጠይቁም ጻፉ። ከዚህ ምላሽ የወሰድኩት ትምህርት ይህ ነው፤ ርቀትና አለመታወቅ ሁለት የተለያዩ መልሶች አይደሉም። አሠሪው ሰውየውን ስለማያውቀው በሰፈሩ ይገምተዋል፤ ስለዚህ ርቀቱ ራሱ የሰውየው መታወቂያ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ከ11 እስከ 13 ያሉት ምላሾች ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣው ናቸው። የከተማ ኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት ከመሃል የራቀ ቤት ርካሽ ስለሆነ የመንገዱን ወጪ ያካክሳል፣ ሰውም ይህን አመዛዝኖ ይመርጣል ይላሉ። እኛ ጋ ግን ሳይቱን የሚመርጠው ዕጣው ነው። 12ኛው ምላሽ ዕጣው ለተመራማሪዎች ትልቅ አጋጣሚ እንደሆነ አስረዳ፤ ያው ፍራንክሊን የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን አወዳድሮ፣ ወደ ዳር የተዛወሩት ቤታቸው ቢሻሻልም በሥራቸውና በገቢያቸው ላይ ለውጥ እንዳላየ፣ ከጎረቤት ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን እንደላላ ጽፏል። 13ኛው የሕንዷን አህመዳባድን ጨመረ፤ እዚያ ከከተማው መሃል 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የተሠራ ቤት በዕጣ የደረሳቸው ሴቶች ከ14 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ 34 በመቶዎቹ ጭራሽ አልገቡበትም፣ 32 በመቶዎቹ ደግሞ ገብተው ወጥተዋል፤ ምክንያታቸውም ከዘመድና ከሚያውቁት ሰው መለየት ነበር። በዚህ መሐል የአሳንሰርና የውኃ ጉዳይ ተነሥቶ ከ14 እስከ 16 ያሉት ምላሾች ወደ ሳይት ኮሚቴ ቅሬታ ተለወጡ፤ ቅሬታው እውነት ቢሆንም ቦታው አይደለምና አልፈዋለሁ።

ከሁሉም ረጅሙና፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም ጠቃሚው፣ 17ኛው ምላሽ ነው። የጻፉት በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሥራቸው ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአንድ ክፍለ ግዛት ይተኛሉ፣ በሌላው ይሠራሉ፤ የእርሳቸውን የሥራ ገበያ ቨርጂኒያ ብሎ መጥራት ትክክል እንዳልሆነ ካስረዱ በኋላ፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን ችግር እንዴት እንደፈቱት ነገሩን። አገሩን በአስተዳደር ወሰን ሳይሆን ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው በሚመላለስበት ልክ ከፋፈሉት። ዴቪድ አውቶር፣ ዴቪድ ዶርንና ጎርደን ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ከቻይና የገባው ዕቃ የአሜሪካን ፋብሪካ ሠራተኞች የት የት እንደጎዳ ያሳዩት በ722 እንዲህ ያሉ የምልልስ ቀጠናዎች ላይ ነው። ቀጥለውም ፈርዲናንዶ ሞንቴ፣ ስቴፈን ሬዲንግና ኤስቴባን ሮሲ-ሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡትን ጠቀሱ። በአንድ ወረዳ ምርታማነት በ1 በመቶ ሲያድግ የሥራ ቦታው ብዛት በሁሉም ቦታ እኩል አይጨምርም፤ አንዱ ጋ በግማሽ በመቶ ገደማ፣ ሌላው ጋ በ2 ተኩል በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልዩነቱን በብዛት የሚያስረዳው ወረዳው ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ምልልስ ነው። ሰው ከጎረቤት ወረዳ በየቀኑ እየመጣ መሥራት ከቻለ አዲሱ ፋብሪካ ቤት ሳይወደድ ሠራተኛ ያገኛል፤ ካልቻለ ግን ሠራተኛው እዚያው መኖር ስላለበት ኪራይ ይወደዳል፣ ዕድገቱም ይታነቃል።

ይህን ሳነብ ስለ አገራችን ፋብሪካዎች የማውቀውን ሁሉ እንደገና ማሰብ ጀመርኩ፤ 18ኛው ምላሽም ያንኑ ሐሳብ ይዞ መጣ። ጸሐፊዋ በሐዋሳ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የመስመር ተቆጣጣሪ የነበረች ናት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሲመረቅ ሠራተኛው ከየገጠሩ መጣ እንጂ ከሰፈሩ በየቀኑ አልተመላለሰም፤ ለመመላለስ መንገዱም መኪናውም አልነበረውም። አራት ልጃገረዶች አንድ ክፍል ተከራይተው ሁለት ፍራሽ ላይ ያድሩ ነበር፤ ተረኛዋ ሽሮዋን ሌሊት ሠርታ በሳህን ታካፍላለች። መነሻ ደመወዙን የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በወር 26 ዶላር ገደማ ብለው ተምነው በዓለም ካሉ ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፈዋል። አከራዮች ፓርኩ ሲከፈት ኪራይ ስለጨመሩ፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አላልፍ አለ። ልጃገረዶቹ የለቀቁት ለዚህ መሆኑን መሰከረች።

19ኛው ምላሽ ግን የዛሬ ወጣት ሥራ አይወድም ብሎ ፈረደ፤ ማስረጃው ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ነበር። በዕጣ የፋብሪካ ሥራ ከተሰጣቸው ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቅቀዋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ንባቡ ግን የተሳሳተ ነው፤ 20ኛውና 21ኛው ምላሽም ይህን ከረር ባለ ቃል ተናግረዋል። የፋብሪካው ሥራ ሰዎቹ ሌላ ቦታ ከሚያገኙት የተሻለ ገቢ አላስገኘላቸውም፤ የጤና ጉዳትም አድርሶባቸዋል። ስለዚህ የተሻለ ሲያገኙ ሄዱ። ሥራ የማይወድ ሰው ፋብሪካውን ለቅቆ ጉሊት አይቀመጥም፣ የቀን ሥራም አይወጣም። የ19ኛው ጸሐፊ መልስ አልሰጠም።

የሐዋሳዋ እህት በ22ኛው ምላሽ ተመልሳ፣ ምልልስንና ዓለም አቀፍ ንግድን አንድ ላይ የሚያያይዘውን ነገር ጨመረች። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ ዕድል ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትታገድ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ደግሞ አስቀድሞ በኅዳር በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ መዝጋቱን ሲያስታውቅ፣ በእርሷ አካባቢ የነበሩት ልጃገረዶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ዕቃቸውን ጠቅልለው ጠፉ። ቤታቸው ፋብሪካው ከነበረበት ከተማ ስላልነበረ፣ ሥራው ሲቀር ከተማውም አብሮ ቀረባቸው። በቀን ተመላላሽ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ከወላጆቻቸው ቤት ሆነው መፈለግ ይችሉ ነበር። በ17ኛው ምላሽ በቁጥር የተነገረውን እርሷ በሰው አሳየችን።

23ኛው ምላሽ ክርክሩን ከሰው ወደ ዕቃ አዞረው። ከመርካቶ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ወደ ደብረ ታቦር የሚያመላልስ ነጋዴ ነው የጻፈው። መርካቶ ላይ ያስጭናል፣ ደብረ ታቦር ላይ ያስወርዳል፤ በሁለቱም ቦታ የጫኝና አውራጅ ማኅበራት የሚጠይቁትን ይከፍላል፤ በራሱ ልጅ ጉልበት ቢያወርድም ከመክፈል አይድንም። በየኬላው መኪናው ይቆማል፤ የሚቆምበት ሰዓት የሾፌሩ አበል ነው። እሱ እንደሚለው በመንገድ ያለው ኪሎ ሜትር ከወጪው ትንሹ ነው። 24ኛው ምላሽ ለዚህ ጥናታዊ ድጋፍ አቀረበ፤ ዴቪድ አትኪንና ዴቭ ዶናልድሰን በኢትዮጵያና በናይጄሪያ ከተሞች ያለውን የአንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋ አመሳክረው፣ ርቀት በአገር ውስጥ ንግድ ላይ የሚጥለው ወጪ በአሜሪካ ካለው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይተዋል። የዓለም ዋጋ ሲቀንስም ከጥቅሙ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት በመሃል ያሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ በራቁ ቦታዎች ይህ ይብሳል። ነጋዴው በ25ኛው ምላሽ በዚህ ተቆጣ፤ ትርፉ የእሱ አለመሆኑን፣ በየመንገዱ የሚበተን መሆኑን ጻፈ። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘዋል እላለሁ፤ ጥናቱ የሚለካው በመነሻና በመድረሻ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት እንጂ ያ ልዩነት በየትኛው ኬላ እንደቀረ አይደለም።

26ኛው ምላሽ አጭር ሆኖ ሳለ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባርት ሚንተን፣ ቤተልሔም ቆሩና ዴቪድ ስቲፌል በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ባጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት፣ ከማዳበሪያ ማከፋፈያው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚኖር ገበሬ ማዳበሪያውን ቤቱ ለማድረስ የሚያወጣው ወጪ፣ ማዳበሪያው ከወደብ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስከ ማከፋፈያው ድረስ ለመምጣት ከሚያስፈልገው ጋር ይስተካከላል። መንገዱ የእግር መንገድ ነው፤ ጫናው በአህያ ወይም በትከሻ ነው፤ የሚጠፋው ቀንም የእርሻ ቀን ነው። የመጨረሻዋ አሥር ኪሎ ሜትር ከጂቡቲ ጎዳና እኩል ትከብዳለች። መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ፣ ከየካ አባዶ ወጥቼ ዋናው አስፋልት እስክደርስ ያለው ጭቃ ከቀሪው መንገድ ሁሉ ለምን እንደሚያደክመኝ ገባኝ።

27ኛው ምላሽ ክሩ ላይ እስከዚያ ድረስ ሴቶች ስለራሳቸው ሲጽፉ ወንዶቹ ስለ አማካይ ቁጥር ብቻ መጻፋችንን አስታወሰን፤ ልክ ነበረች። የሁለት ልጆች እናት ናት። የተሻለ ደመወዝ የሚከፍላትን የቦሌ ሥራ ትታ ጀሞ ቤቷ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት በአነስተኛ ደመወዝ ገብታለች፤ የቦሌው ሥራ የሚለቅቃት 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሕፃናት ማቆያው የሚዘጋው 12 ሰዓት ነበር። በክረምት ጨልሞ ከታክሲ መውረድም ሌላው ፍርሃቷ ነበር። 28ኛው ምላሽ ይህ የእርሷ ብቻ አለመሆኑን አሳየ፤ ቶማስ ለ ባርባንሾን፣ ሮላን ራትሎና አሌክሳንድራ ሩሌ የፈረንሳይን ሥራ ፈላጊዎች መረጃ መርምረው፣ ሴቶች አጭር ምልልስ ለማግኘት ከወንዶች 20 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 ጽፈዋል፤ ይህም የደመወዝ ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል። ባቡርና አውቶቡስ በየደቂቃው በሚመጣበት አገር ይህ ከሆነ፣ በእኛ ከተማ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ፈረንሳይን ከጀሞ ጋር ማወዳደር አይቻልም ብሎ 29ኛው ምላሽ ተቃወመ፤ እናትዬዋ ግን የሕፃናት ማቆያ የመዝጊያ ሰዓት የትም አገር አንድ መሆኑን ጽፋ ዘጋችው።

ስለ ቀላል ባቡሩ 30ኛው ምላሽ ያነሣው ብዙ ሊያነጋግር ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ሲጀምር ከአያት ሜክሲኮ ሳንቀያይር እንሄድ ነበር፤ በኋላ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ውይይቱ ወደ ባቡሩ ብድር ከዚያም ወደ ፖለቲካ ሲያዘነብል አስተባባሪው በ31ኛው ምላሽ ሁላችንንም ወደ ጥያቄው መለሰን።

ከዚያ በኋላ 4ኛውን ምላሽ የሰጠው ተማሪ በ32ኛው እንደገና ጻፈ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ለስልሶ ነበር። ርቀት አይደለም ማለቱን አሻሽሎ፣ የእኛ አገር የሥራ ገበያ ሊለካ ያልቻለው ሰው የሚያድርበትና የሚውልበት ቦታ ተያይዞ ስለማይጠየቅ መሆኑን አብራራ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ለገጣፎ አድሮ መገናኛ የሚውለው ሰው በአንድ ክልል ነዋሪ፣ በሌላ ከተማ ሠራተኛ ነው። መፍትሔ ብሎ የጠቆመው ገብርኤል ክራይንድለርና ዩሂ ሚያውቺ በዳካና በኮሎምቦ ከስልክ ኩባንያ መዝገብ ምልልስን የለኩበትን መንገድ ነው፤ ሰው ሌሊት የሚያድርበትንና ቀን የሚውልበትን የስልክ ማማ አያይዘው የሥራ ቦታ ካርታ አውጥተዋል። 33ኛው ምላሽ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ የእያንዳንዱ ሰው ውሎና አዳር በአንድ መዝገብ ከተሰበሰበ ለሥራ ገበያ ጥናት ብቻ እንደሚውል ማን ዋስትና ይሰጣል የሚል ነበር ጥያቄው። እኔም በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ሰውን ራሱን መጠየቅ የሚቻል ሲሆን ስልኩን መከተል አያስፈልግም።

34ኛውን ምላሽ የሰጠችው ያችው የመጀመሪያዋ እህት፣ የአራት ኪሎዋ ናት። በማንኛውም የቤተሰብ ጥናት መጠይቅ ላይ ሊጨመሩ የሚችሉ አራት ጥያቄዎችን አቀረበች፦ ትናንት ከቤት ስንት ሰዓት ወጣሽ፤ የት ዋልሽ፤ ስንት ጊዜ ተሳፈርሽ፤ ስንት ሰዓት ገባሽ። የራሷንም መለሰች፤ 12 ሰዓት ከሩብ ወጣች፣ ካዛንቺስ ዋለች፣ አራት ጊዜ ተሳፈረች፣ ማታ 2 ሰዓት ገባች። እኔም እዚህ የራሴን ላስፍር፤ 12 ሰዓት ተኩል ወጣሁ፣ ሜክሲኮ ዋልኩ፣ አራት ጊዜ ተሳፈርኩ፣ 1 ሰዓት ተኩል ገባሁ። ክሩ ክፍት ነው፤ ቀጣዮቹ ምላሾች በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።